«ጀርባውን ሰጥቶ እጁን የሚያወናጭፈው ሰውዬ» ሥራው ምንድን ነው?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ አባት ነው። እንዲህ ይላል፦ «የ17 ዓመት ልጄ ፒያኖ ትማራለች። ሰሞኑን ደግሞ የኦርኬስትራ መሪ ካልሆንኩ ብላ ይዛኛለች። ቪዲዮ እየከፈተች ታሳየኛለች፤ እኔ ግን የሚታየኝ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ እጁን የሚያወናጭፍ ሰውዬ ነው። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ቀና ብለው የሚያዩት አይመስለኝም። ይሄ ራሱን የቻለ ሙያ ነው ወይ? ሰው የሚገባበትስ በየት በኩል ነው? ኑሮውስ እንዴት ነው?»

ጌታዬ፣ ጥያቄዎ ቅር አላሰኘኝም። እኔም ኦርኬስትራ ውስጥ ብዙ ዓመት ቪዮላ (ከቫዮሊን በመጠን ትንሽ የምትበልጥ መሣሪያ) ተጫውቼ ነው ወደ መምራቱ የዞርኩት፤ ወንበር ላይ በነበርኩበት ጊዜ ስለ መሪዎች የምናወራው እርስዎ ካሉት የባሰ ነበር።

አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ሙያ ነው። መግቢያው ጠባብ ነው፣ ብዙ ያለፋል፣ ግን ሙያ ነው። አሁን ወደ ረጅሙ እንሂድ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ የሚቃወመኝን ማስረጃ ላቅርብ። ኦርኬስትራ ያለ መሪ መጫወት ይችላል። በ1922 ሞስኮ ውስጥ «ፔርሲምፋንስ» የሚባል መሪ የሌለው ኦርኬስትራ ተቋቁሞ 10 ዓመት ገደማ ሠርቷል። ኒውዮርክ ውስጥ ደግሞ በ1972 የተመሠረተው «ኦርፊየስ» የቻምበር ኦርኬስትራ ያለ መሪ ይጫወታል፣ ያውም አሳምሮ። ግን አሠራራቸውን ጠጋ ብሎ ላየው የመሪው ሥራ የትም አልሄደም፤ ለብዙ ሰው ተከፋፈለ እንጂ። ይሄ ቦታ በምን ፍጥነት ይሂድ፣ እዚህ ጋ ማን ዝቅ ይበል፣ ማን ጎልቶ ይሰማ የሚለውን ቁጭ ብለው ተከራክረው ነው የሚስማሙት። 30 ሰው ሲሆን ይቻላል። የማህለርን ግዙፍ ሲምፎኒ የሚጫወት 100 ሰው ሲሆን ግን እኔ እንጃ፣ ክርክሩ ራሱ ዓመት ይፈጃል።

«ቀና ብለው አያዩትም» ላሉት፣ ያዩታል። የኖታ ማስቀመጫችንን ከፍ ዝቅ እያደረግን የምናስተካክለው ለዚህ ነው፤ መሪው በእጁ የሚይዛት ዘንግ ጫፍ ከወረቀቱ ጠርዝ በላይ ብቅ ብላ እንድትታየን። ሹፌር የጎን መስታወቱን እንደሚያየው ማለት ነው። አፍጥጦ አያየውም፣ ግን ከኋላው ምን እየመጣ እንደሆነ ያውቃል።

በታሪክ አንድ ጊዜ ግን ተጫዋቾች ከፊታቸው የቆመውን ሰው እንዳያዩ ተነግሯቸዋል ይባላል። በ1824 ቪየና ውስጥ የቤቶቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ነው። ቤቶቨን በዚያን ጊዜ ጆሮው አይሰማም፣ ግን መድረክ ላይ ቆሞ ፍጥነቱን በእጁ ያሳይ ነበር። ትክክለኛው መሪ ሚካኤል ኡምላውፍ ታዲያ «እሱን ተዉት፣ እኔን እዩኝ» ዓይነት ነገር ብሏቸው ነበር አሉ። ስለዚህ እርስዎ የጠረጠሩት ነገር ቢያንስ አንዴ ደርሷል።

እሺ፣ እጁ ምን ይሠራል? የቤቶቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ ያውቁታል። ስሙን ባያውቁት ድምፁን ያውቁታል፦ ታ ታ ታ ታዓዓ። ልጅዎ ኖታውን ታሳይዎት። መጀመሪያ ላይ የተጻፈው ምልክት ድምፅ አይደለም፣ ዝምታ ነው። የመጀመሪያውን ባር (በሁለት ቋሚ መስመር መካከል ያለችውን የምት ክፍል) ለአራት እኩል ቢቆርጡት አንደኛዋ ቁራጭ ባዶ ናት፤ ሦስቱ «ታ»ዎች የሚመጡት ከእሷ ቀጥሎ ነው። የመሪው እጅ የሚወርደው እንግዲህ በዚያች ባዶ ቦታ ላይ ነው። ቫዮሊኖቹ፣ ቪዮላዎቹ፣ ቼሎዎቹ፣ ኮንትራባሶቹና ሁለቱ ክላርኔቶች፣ 40 እና 50 ሰው፣ ማንም ካልሰማው ነገር ላይ ተነስተው እኩል መዝለል አለባቸው።

እንዴት እኩል ይዘላሉ? መሪው እጁን ከማውረዱ በፊት ያነሳል፣ ሲያነሳ ደግሞ ይተነፍሳል። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ሦስት ነገር ይነግራቸዋል፦ መቼ እንደሚገቡ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄዱ፣ በምን ኃይል እንደሚመቱ። ቀስ ብሎ አንስቶ ቶሎ ካወረደ ግማሹ ሰው ማንሳቱን ያምናል፣ ግማሹ ማውረዱን። ያን ጊዜ የሚሰሙት «ታታ ታታታ ታ ታዓ» ዓይነት ነገር ነው፣ ደረጃ ላይ የተደፋ ድንች። ይሄን ጥፋት በገዛ እጄ ሠርቼ ስላየሁት ነው የምነግርዎት።

ፊዚክስም አለበት። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከኋላ የተቀመጠው ትራምፔት ተጫዋች ከፊተኞቹ ቫዮሊኖች 15 ሜትር ቢርቅ የእነሱ ድምፅ እሱ ጋ የሚደርሰው የሰከንድ 4 መቶኛ ያህል ዘግይቶ ነው። እነሱን ሰምቶ ቢነፋ የእሱም ድምፅ ወደ ፊት ለመድረስ ያንኑ ያህል ይፈጅበታል። ሁለቱ ሲደመሩ ለጆሮ ይታወቃል። ስለዚህ ከኋላ ያለ ተጫዋች ጆሮውን ብቻ ካመነ ሁልጊዜ ይዘገያል፤ ዓይኑን ነው ማመን ያለበት። ቪዲዮ ላይ ዘንጉና ድምፁ አልገጥም ብለው ግራ አጋብተውዎት ከሆነ አይገረሙ። መሪው ከሚሰማው ድምፅ ትንሽ ቀድሞ ነው የሚሄደው። አሁን የሚያሳየው ገና ያልመጣውን ነው።

ይሄ ሁሉ ግን ትንሹ ሥራ ነው።

እያንዳንዱ ተጫዋች ፊት ያለው ወረቀት የራሱ ብቻ ነው። የሁሉም አንድ ላይ ተደርድሮ የተጻፈበት መጽሐፍ ስኮር ይባላል፣ አንዱ ገጽ 20 መስመርና ከዚያም በላይ ሊኖረው ይችላል። መስመሮቹ ደግሞ አንድ ቋንቋ አይናገሩም። ቪዮላ የራሷ ቁልፍ (የትኛው መስመር የትኛው ድምፅ እንደሆነ የሚነግር ምልክት) አላት። የቢ ፍላት ክላርኔት የተጻፈለት ኖታ ከሚያሰማው በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ብሎ ነው። የኤፍ ሆርን ደግሞ ከዚያም ርቆ፣ በሦስት ተኩል ሙሉ ድምፅ ከፍ ብሎ። መሪው ይሄን ሁሉ አንድ ላይ እያነበበ፣ አንድም መሣሪያ ሳይነካ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ መስማት አለበት። አንድ አዲስ ሲምፎኒ ሳጠና ሳምንታት ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ ነው የምከርመው። ቤት ያለ ሰው ዝም ብዬ መጽሐፍ የማነብ ይመስለዋል።

ከዚያ የመጀመሪያው ልምምድ ይመጣል። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር የሚባለው እዚህ ጋ ነው።

የእኔን የመጀመሪያ ቀን ልንገርዎት። 60 ሰው ፊቴ ተቀምጧል፣ ግማሹ ጓደኛዬ ነው። ጀመርን። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ነገር ጆሮዬን ጎረበጠኝና እጄን አንስቼ አስቆምኳቸው። ዝም አሉ። ሁሉም ያየኛል። ለምን እንዳስቆምኳቸው እንደማላውቅ የገባኝ ያን ጊዜ ነው! የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ሰምቻለሁ፣ ምን እንደሆነ ግን አላገኘሁትም። «እስቲ ከመጀመሪያው» አልኩ። ኦቦ የምትጫወተው ሴትዮ እጇን አወጣች። «ምን እንለውጥ?» አለችኝ። ልታሳፍረኝ ብላ አልነበረም፣ የእውነቷን ነው። መልስ አልነበረኝም።

እንደገና ስንጫወት ነገሩ ጠፋ። ሁለተኛው ባሱን ኤፍ ሻርፕ መጫወት ሲገባው ኤፍ ተጫውቶ ነበር ለካ። እሱ ቀድሞ አውቆት አስተካከለው፣ ከዚያ ከወንበሩ ላይ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔ እንደሰማሁት ነው የመሰለው። ዛሬም ድረስ ያ ይቅርታ አይገባኝም ነበር እላለሁ።

ለምን ቤትህ በደንብ ሳትለማመድ ሄድክ ይሉኝ ይሆናል። የሙያው ዋና ነገር ይሄ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልናገረው። ልጅዎ ፒያኖ ለመለማመድ ስትፈልግ ክዳኑን ትከፍታለች፣ ትቀመጣለች፣ አለቀ። የመሪ መሣሪያ ግን ሰው ነው። 60፣ 80፣ 100 ሰው። ቤት አይቀመጥም፣ ማታ አይነካም፣ ሲሳሳቱበት ደግሞ ያይዎታል። ቫዮሊን የሚማር ልጅ 10 ሺህ ጊዜ ተሳስቶ ማንም ሳያውቅበት ያድጋል። መሪ የሚሳሳተው በአደባባይ ነው። ያን መሣሪያ ለመንካት መጀመሪያ ሰው አምኖ ሊሰጠው ይገባል፣ ሰው አምኖ እንዲሰጠው ደግሞ መቻሉን ማሳየት አለበት። ዶሮዋና እንቁላሉ ዓይነት ነው። የመሪዎችን የሕይወት ታሪክ ሳነብ ሁሉም የሚታዩኝ ይሄንን ቋጠሮ በየፊናቸው ሲፈቱ ነው። መሣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ማን ሰጣቸው? በምን ምክንያት?

የፒያኖ ተማሪ ለሆነች ልጅ ዋናው በር ኦፔራ ቤት ነው። እዚያ ሬፔቲተር የሚባል ሥራ አለ። ዘፋኞቹ ክፍላቸውን ሲያጠኑ ኦርኬስትራው ሁልጊዜ አይመጣላቸውም፤ ስለዚህ አንድ ፒያኒስት የኦርኬስትራውን ሙዚቃ በፒያኖ እየተጫወተ ወራት አብሯቸው ይቀመጣል። ዘፋኙ የት እንደሚተነፍስ፣ የት እንደሚደክመው፣ የት እንደሚሳሳት እሱ ነው የሚያውቀው። ቀስ እያለ ከመጋረጃ ጀርባ ያለውን መዘምራን ይመራል፣ ከዚያ አንድ ቀን አንድ ምሽት ይሰጡታል። ጆርጅ ሾልቲ ቡዳፔስት ኦፔራ ውስጥ በዚህ መንገድ ነው ያለፈው። የመጀመሪያ ምሽቱ ማርች 11 ቀን 1938 ነበር፣ የሞዛርት «የፊጋሮ ጋብቻ»። የሂትለር ጦር ወደ ኦስትሪያ የመግባቱ ወሬ የተሰማው በዚያው ምሽት ነው። ሾልቲ አይሁዳዊ ነው። በሩ ተዘጋ። ጦርነቱን ስዊዘርላንድ ውስጥ በአብዛኛው በፒያኖው ነው ያሳለፈው፣ በ1942 ጄኔቫ ላይ የፒያኖ ውድድር እስከ ማሸነፍ ደርሷል። ኦፔራ ቤት የተሰጠው በ1946 ሙኒክ ላይ ነው። ስምንት ዓመት ያህል መሣሪያውን እንደልቡ ላላገኘ ሰው በኋላ የቺካጎን ኦርኬስትራ ከ1969 እስከ 1991 መርቶ 31 የግራሚ ሽልማት መውሰዱ ይገርመኛል።

ሌላው በር ወንበሩ ነው፣ እኔ የመጣሁበት። አርቱሮ ቶስካኒኒ በ1886 ሪዮ ዴ ጄኔሮ የሄደው ከተጓዥ የኦፔራ ቡድን ጋር ቼሎ ሊጫወት ነው። ዕድሜው 19። መሪው ተጣልቶ ወጣ፣ ምትክ ሆኖ የመጣውን ተመልካቹ በጩኸት አባረረው። «ያ ልጅ ሙሉውን በቃሉ ያውቀዋል» ተባለና ቶስካኒኒን ከወንበሩ አስነስተው አቆሙት። የቬርዲን ኦፔራ «አይዳ»ን ስኮሩን ሳይከፍት መራ። ከዚያ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ቼሎ ተጫውቷል፣ የመሪነት በሩ ግን የተከፈተው በዚያ ምሽት ነው።

ሦስተኛው በር ረዳትነት ነው። ትልልቅ ኦርኬስትራዎች ወጣት ረዳት መሪ ይቀጥራሉ። ሥራው በአብዛኛው አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብሎ ማዳመጥና «ሆርኖቹ በዝተዋል» ብሎ መናገር ነው። ኖቬምበር 14 ቀን 1943 የኒውዮርክን ኦርኬስትራ ሊመራ የመጣውን እንግዳ መሪ ብሩኖ ዋልተርን ጉንፋን ያዘው። የኦርኬስትራው ረዳት መሪ ሊዮናርድ በርንስታይን 25 ዓመቱ ነው፣ ከዋዜማው ዝግጅት በኋላ ሲያመሽ አድሮ እንቅልፍ እንኳ በቅጡ አልተኛም። አንድም ልምምድ ሳያደርግ ከሰዓት በኋላ ካርኔጊ አዳራሽ ገብቶ መራ፣ በሬዲዮም ለመላው አገር ተሰማ። በማግስቱ ጋዜጣ የፊት ገጹ ላይ አወጣው።

ውድድርም አለ። ሴይጂ ኦዛዋ በ1959 ፈረንሳይ ቤዛንሶን ላይ አሸንፎ ነው የታወቀው። ጉስታቮ ዱዳሜል በ2004 ጀርመን ባምበርግ ላይ አሸነፈ፣ በ2009 በ28 ዓመቱ የሎስ አንጀለስን ኦርኬስትራ ተረከበ። ዱዳሜል ግን ከሌሎቹ አንድ ነገር ይበልጥ ነበር። ቬኔዝዌላ ውስጥ በ1975 በተጀመረው የልጆች ኦርኬስትራ ሥርዓት ያደገ ልጅ ስለሆነ ሌላው በ25 ዓመቱ የሚለምነውን መሣሪያ እሱ በልጅነቱ አግኝቶታል።

እነዚህን ታሪኮች ሰው የዕድል ታሪክ አድርጎ ነው የሚያወራቸው። መሪው ታመመ፣ ልጁ ገባ፣ ኮከብ ሆነ። እኔ ሳያቸው ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። ቶስካኒኒ ማንም ሳይጠይቀው ሙሉውን ኦፔራ ሸምድዷል። በርንስታይን የዋልተርን ልምምዶች ስኮሩን ይዞ ተከታትሏል። በሩ ድንገት ሲከፈት ሁለቱም ዕቃቸውን ሸክፈው ደጃፉ ላይ ነበሩ። ሌላ መቶ ረዳት መሪ ነበረ፣ መሪው ያልታመመለት። የዚያን ታሪክ ማንም አይጽፈውም፣ ይሄንንም ልጅዎ ብታውቀው ጥሩ ነው።

ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰል አንድ አባት ደግሞ ላስተዋውቅዎት። ኤሪክ ክላይበር ራሱ ስመ ጥር መሪ ነበር፣ በርሊን ውስጥ። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ አገሩን ለቀቀ፣ ቤተሰቡም አርጀንቲና ገባ፣ ካርል የነበረው ልጁ እዚያ ካርሎስ ተባለ። ልጁ ሙዚቃ ሲል አባቱ አይሆንም አለ። ሙያውን ከውስጥ ስለሚያውቀው ነው እንግዲህ። ኬሚስትሪ ተማር ብሎ ዙሪክ ሰደደው። ኬሚስትሪው ብዙም አልቆየ። ካርሎስ ሙኒክ ውስጥ አንድ ትንሽ የሙዚቃ ቲያትር ገብቶ ያለ ደመወዝ ማገልገል ጀመረ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ፖትስዳም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመራ ካርል ኬለር በሚል የውሸት ስም ነው፣ የአባቱ ስም እንዳይከተለው። ከዚያ ዱሰልዶርፍ፣ ዙሪክ፣ ሽቱትጋርት፣ ዓመታት በኦፔራ ቤት ጉድጓድ ውስጥ፣ ኦርኬስትራው ከመድረኩ ፊት ዝቅ ብሎ በሚቀመጥበት። ዓለም ያወቀው ከ40 ዓመቱ በኋላ ነው። በ2011 አንድ የእንግሊዝ የሙዚቃ መጽሔት 100 መሪዎችን «ከሁሉ የሚበልጥባችሁ ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ አንደኛ የወጣው ይሄው የኬሚስትሪ ተማሪ ነበር።

ደስተኛ ሰው ነበር ወይ? እንዲህ ብዬ መናገር አልችልም። ከሌላው ሰው ብዙ እጥፍ ልምምድ ይጠይቃል፣ ካልተስማማው ጥሎ ይወጣል፣ በ1989 የበርሊን ፊልሃርሞኒክ የሚባለው ስመ ጥር ኦርኬስትራ ዋና መሪነት ሲታሰብለት አልፈልግም ብሏል። «የሚመራው ማቀዝቀዣው ባዶ ሲሆን ብቻ ነው» ብሎ የዚያው ኦርኬስትራ መሪ የነበረው ካራያን ቀልዶበታል ይባላል። የሚያምር ኮንሰርቱን ተዉትና በ1970 ሽቱትጋርት ላይ ልምምድ ሲያደርግ የተቀረጸውን ቪዲዮ ከልጅዎ ጋር ይዩት። ጀርባውን ሳይሆን ፊቱን ነው የሚያዩት። አንዲት ትንሽ ሐረግ ላይ ደጋግሞ ይመለሳል፣ ይለምናል፣ ያሾፋል፣ ያስረዳል፣ ተጫዋቾቹ መጀመሪያ ላይ ይሰለቹና ቀስ በቀስ ይገባሉ። እርስዎ የጠየቁት «ሥራ» የሚባለው እሱ ነው።

አሁን ስለ ኑሮው። አንድ መሪ የራሱ ኦርኬስትራ ካለው በዓመት የተወሰኑ ሳምንታት እዚያ ይሠራል፣ ማን እንደሚቀጠር፣ ምን እንደሚጫወቱ አብሮ ይወስናል። በቀረው ጊዜ እንግዳ ሆኖ ይዞራል። የእንግዳ ሳምንት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ መግባት፣ ሦስት ወይም አራት ልምምድ፣ ኮንሰርት፣ አውሮፕላን። ፕሮግራሙ ከሁለትና ሦስት ዓመት በፊት ነው የሚያዘው፤ ልጅዎ ከተሳካላት የዛሬ ሦስት ዓመት በዚህ ሳምንት የት እንደምታድር ታውቃለች፣ ነገ ማታ ማን ጋ እራት እንደምትበላ ግን አታውቅም። ከኮንሰርት በኋላ ተጫዋቾቹ ተሰብስበው ይሄዳሉ፣ መሪው ስኮሩን ይዞ ሆቴሉ ይገባል። እኔ ወንበሩን የሚናፍቀኝ ያን ሰዓት ነው።

ገንዘቡ በጣም የተራራቀ ነው። ጥቂት ከላይ ያሉት ብዙ ያገኛሉ። የሚበዛው ግን መዘምራን እየመራ፣ እያስተማረ፣ የወጣት ኦርኬስትራ ይዞ ነው የሚኖረው። መጥፎ ኑሮ አይደለም፣ ግን ቪዲዮ ላይ ያዩት ዓይነት አይደለም።

ዳኞቹ ደግሞ እነዚያው ቀና ብለው አያዩትም ያሏቸው ሰዎች ናቸው። ወንበር ላይ ሆኜ እንደማውቀው የአዲስ መሪ ነገር በመጀመሪያው 10 ደቂቃ ውስጥ ይለያል። ስኮሩን ያውቃል? ሲያስቆመን ምክንያት አለው? ጊዜያችንን ያከብራል? (ልምምድ የሚያልቅበት ሰዓት ላይ ሦስት ደቂቃ ጨምሮ የወደደው ኦርኬስትራ የለም፣ የፈለገ ሊቅ ቢሆን።) የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ዋና መሪውን የሚመርጠው በተጫዋቾቹ ድምፅ ነው። በ2015 ከ120 በላይ የሚሆኑ ተጫዋቾች አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰብስበው 11 ሰዓት ያህል ሲመክሩ ውለው ሳይስማሙ ተበተኑ። ኪሪል ፔትሬንኮን የመረጡት ከሳምንታት በኋላ ነው፣ ሥራውን የጀመረው ደግሞ በ2019።

ዕድሜ በዚህ ሙያ አይጎዳም፣ እንዲያውም ይረዳል። በ1927 የተወለደው ኸርበርት ብሎምሽቴት ከ95 ዓመቱ በኋላም መርቷል። ቶስካኒኒ ዘንጉን ያስቀመጠው በ87 ዓመቱ ነው። ወገብና ትከሻ ግን ይጎዳል፣ ጆሮም መጠበቅ አለበት። በሥራው ላይ ከደረሱት አደጋዎች የማይረሳኝ የፈረንሳይ ንጉሥ ሙዚቀኛ የነበረው የዣን ባፕቲስት ሉሊ ነው። በ1687 ፓሪስ ውስጥ፣ ንጉሡ ከሕመማቸው ዳኑ ተብሎ በተዘጋጀ የምስጋና ሙዚቃ ላይ፣ ምቱን ወለሉን በረጅም ከዘራ እየደቃ ሲቆጥር የእግር ጣቱን መታው። ቁስሉ አመረቀዘ፣ በዚያው ሞተ። ንጉሡ ግን ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖሩ። የዛሬዋ ዘንግ እንደ እርሳስ ቀጭን ናት፣ አይስጉ።

ልጅዎ ሴት መሆኗን እርስዎ አላነሱትም፣ እኔ ግን ሳላነሳው አላልፍም። አንቶኒያ ብሪኮ በ1930 የበርሊን ፊልሃርሞኒክን መርታ ተደነቀች፣ ከዚያ በኋላ ግን የሚጠራት እየጠፋ ሄደ። የቪየና ፊልሃርሞኒክ ሴት ተጫዋች በአባልነት የተቀበለው በ1997 ነው፣ ትናንት ማለት ነው። ማሪን ኦልሶፕ በርንስታይንን ያየችው በ9 ዓመቷ ነው፣ ያን ቀን መሪ እሆናለሁ አለች። የቫዮሊን አስተማሪዋ «ሴት ልጅ ይሄን አትሠራም» አለቻት። ቤቷ ሄዳ ስትናገር አባቷ ምንም አላለም ይባላል፤ በማግስቱ ጠዋት በዘንግ የተሞላ ሳጥን ሰጣት። ትምህርት ቤቱ የመሪነት ክፍል አልቀበልም ሲላት በ1984 የራሷን ኦርኬስትራ አቋቋመች። የሚያውሳት ሲጠፋ መሣሪያውን ራሷ ሠራችው ማለት ነው። በ2007 የባልቲሞርን ኦርኬስትራ ስትረከብ ትልቅ የአሜሪካ ኦርኬስትራ በዋና መሪነት የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ስሟ ሲነሳ ተጫዋቾቹ አጉረምርመው ነበር፣ እሷ ሄዳ አነጋገረቻቸው፣ 14 ዓመት አብረው ሠሩ።

ስለዚህ ልጅዎ አሁን ምን ታድርግ? ፒያኖውን አትተው፣ ያስፈልጋታል፤ የመሪነት ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና ላይ ስኮር በፒያኖ ማንበብ አለ፣ ክፍል ውስጥም በኦርኬስትራ ቦታ ብዙ ጊዜ ሁለት ፒያኖ ነው የሚቀመጠው። መዘምራን ውስጥ ትግባ፣ መተንፈስ እዚያ ነው የሚለመደው። ከተቻለ አንድ ሌላ መሣሪያ ይዛ ከወንበር ተቀምጣ ሌላ ሰው ይምራት፣ መጥፎ መሪ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ትማራለች። አንድ የሃይድን ሲምፎኒ ስኮር ታምጣና ቅጂውን ሳትሰማ ለአንድ ወር ታንብበው። ከዚያ ትስማ፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ከሰማችው የቱ ጋ እንደሚለይ ትጻፍ።

መስታወት ፊት ቆማ ቅጂ ከፍታ እጇን ስታወናጭፍ ካገኟት ግን ያስቁሟት። ቅጂው እሷን አይጠብቃትም፣ እሷ ነች ድምፁን የምትከተለው። ሳታውቀው መከተልን ትለምዳለች፣ እሱን ለማስለቀቅ በኋላ ዓመታት ይፈጃል። እኔ በ20 ዓመቴ እንዲህ አድርጌ ተበላሽቼ ነው የነገርኩዎት።

ይልቅ የሚጫወቱ ስድስት ሰባት ጓደኞች አታጣም። ቀላል ነገር ይምረጡ፣ እሷ ፊታቸው ትቁም። እርስዎ ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ሙዚቃውን ሳይሆን አንድ ነገር ብቻ ይዩ፦ ስታስቆማቸው ምን ትላቸዋለች? የመጀመሪያ ቀን ምንም ላትል ትችላለች፣ አይፍረዱባት። ሳጥን ሙሉ ዘንግ መግዛት አይጠበቅብዎትም። ለአሁኑ ሰባት ወንበር ይበቃታል።